ዕድገትና ዕርጅና፦ ከሎሃ ተራሮች እስከ አገው ምድር

በኢትዮጵያ የጽሑፍ ባህል ረጅም ዕድሜ ከጸጋና ከቅድስና ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል፤ ኦሪት ዘፍጥረት ለማቱሳላ 969 ዓመት ይቆጥርለታል፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድልም ጻድቁ 562 ዓመት እንደ ኖሩ ይተርካል። ዕርጅናን ከሰውነት አሠራር የሚመነጭ፣ ምክንያቱ ሊታወቅና አካሄዱ ሊለወጥ የሚችል ነገር አድርጎ መመርመር ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ሲሆን፣ የዚህ ምርመራ ታሪክ በአብዛኛው የተገኘው ብዙ ዘመን ከኖሩ አረጋውያን ሳይሆን፣ በተፈጥሮ ባገኙት የዘረ መል (ጂን) ለውጥ ምክንያት ዕድገታቸው በልጅነታቸው ከተገታ ጥቂት ሰዎች ነው። ከእነዚህ መካከል ለሳይንሱ እጅግ የጠቀሙት ከከተማ ርቀው በተራራማ መንደሮች የሚኖሩ ገበሬዎች በመሆናቸው፣ ትረካው ከአውሮፓ ሆስፒታሎች ተነሥቶ በደቡብ አሜሪካ በኩል አልፎ ወደ ኢትዮጵያ ደጋና ወደ አገው ምድር፣ ማለትም ወደ አዊ ዞን ይደርሳል። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1886 ጆናታን ሃቺንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ፀጉር የሌለው፣ ቆዳው የሳሳና መልኩ ከዕድሜው ጋር የማይገናኝ አንድ ትንሽ ልጅ መመልከቱን ጻፈ። ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄስቲንግስ ጊልፎርድም ተመሳሳይ ሕመም አግኝቶ በ1904 «ፕሮጄሪያ» የሚል ስም አወጣለት፤ ያለ ጊዜው የመጣ ዕርጅና ማለት ነው። በዚህ ሕመም የሚያዙ ልጆች ሲወለዱ ከሌሎች ሕፃናት የማይለዩ ሲሆኑ፣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ዕድገታቸው ይገታል፣ ፀጉራቸው ይረግፋል፣ ከዚያም የደም ሥሮቻቸው እንደ ሽማግሌ ደም ሥር ይደድሩና ሕክምና ካላገኙ በአብዛኛው በ14 ዓመታቸው ገደማ በልብ ድካም ወይም በስትሮክ ይሞታሉ። በዚያው በ1904 በጀርመን አገር ኪል ከተማ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው ኦቶ ቨርነር ደግሞ ከአንድ ቤት የተወለዱ፣ ገና በጎልማሳነታቸው ፀጉራቸው የሸበተና ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ አራት ወንድማማቾችና እህትማማቾችን ገለጸ፤ እነዚህ ሰዎች እስከ ጉርምስና ድረስ ደኅና ሆነው ቢቆዩም፣ ሌሎች ልጆች በጉርምስና የሚያሳዩት ፈጣን የቁመት ጭማሪ በእነርሱ ላይ አልታየም። ሁለቱም ሕመሞች ዕድገት በታወከበት ሰውነት ውስጥ ዕርጅናም አብሮ እንደሚታወክ ጠቁመው ነበር፤ ይሁን እንጂ የዘመኑ ሐኪሞች የሚያዩትን ከመመዝገብ በቀር ምክንያቱን የሚደርሱበት መሣሪያ አልነበራቸውም።

መሣሪያው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1921 በካሊፎርኒያ ኸርበርት ኢቫንስና ጆሴፍ ሎንግ ከአንጎል ሥር ከምትገኘው ፒቱታሪ ከምትባል ትንሽ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአይጦች ሲሰጥ ከመጠን በላይ እንደሚያሳድጋቸው አሳዩ፤ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶም ኢቫንስና ቾ ሃኦ ሊ የዕድገት ሆርሞን የተባለውን ንጥረ ነገር ከከብት ዕጢ አጣርተው አወጡ። ሆርሞን ማለት አንዱ የሰውነት ክፍል አመንጭቶ በደም አማካይነት ለሌላው የሚልከው መልእክት ሲሆን፣ በ1958 ሞሪስ ሬበን ከሞቱ ሰዎች ዕጢ የተገኘውን ይህንኑ ሆርሞን ዕድገቱ ለተቋረጠ ወጣት ሰጥቶ ቁመቱ መጨመሩን ዘገበ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሳልመንና ዶሃዴይ የተባሉ ተመራማሪዎች የዕድገት ሆርሞን የአጥንትን ጫፍ በራሱ እንደማያሳድግ፣ ይልቁንም ሌላ መልእክተኛ እንደሚያስነሣ አስረድተው ነበር። ይህ ሁለተኛ መልእክተኛ በዋናነት ከጉበት የሚመነጭ ሲሆን፣ በመዋቅሩ ኢንሱሊንን ስለሚመስል ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ንጥረ ነገር አንድ፣ በአጭሩ አይጂኤፍ 1 ይባላል።

እስራኤላዊው የሕፃናት ሐኪም ዝቪ ላሮን የዚህን ሰንሰለት መበጠስ በሰው ላይ ያየው ከየመን ከመጡ አይሁዳውያን ቤተሰብ በተወለዱ እጅግ አጫጭር ልጆች ላይ ነው። ልጆቹ የዕድገት ሆርሞን ያነሳቸው ይመስሉ ነበር፤ የደማቸው ምርመራ ግን ሆርሞኑ ከመጠን በላይ መሆኑን ስላሳየ፣ ላሮንና ባልደረቦቹ በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን እስከዚያ ያልታወቀ ሁኔታ ለዓለም አቀረቡ። የኋላ ጥናቶች እንደገለጡት ጉዳቱ ያለው በጉበት ሕዋሳት ላይ ተተክሎ ሆርሞኑን የሚቀበለው ሪሴፕተር የተባለ ፕሮቲን ላይ ነው፤ መልእክቱ ደጋግሞ ቢደርስም የሚቀበለው ስለሌለ አይጂኤፍ 1 አይመነጭም፣ ልጁም አያድግም። ሁኔታው ከዚያ ወዲህ የላሮን ሲንድሮም እየተባለ ይጠራል።

በዚያው አሥርት ዓመት በኬፕታውን በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ያከሙ ሐኪሞች በእነዚህም ልጆች ደም ውስጥ የዕድገት ሆርሞን ከፍ ብሎ አገኙት፤ አይጂኤፍ 1 ደግሞ ዝቅ እንደሚል በኋላ ታወቀ። የተራበ ሰውነት ያለውን ጉልበት ለሕይወት ለማቆየት ሲል የዕድገትን መልእክት ራሱ ይዘጋዋል። ስለዚህ በየመናውያን ቤተሰብ በጂን ስሕተት የሆነው ነገር በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ የድሃ አገር ሕፃናት ላይ በረሃብ ምክንያት ይሆናል ማለት ነው፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆነው ነጥብ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የጂን ጉዳይ በኢትዮጵያ ደጋ ከዕድገት ውጭ በሆነ በሽታም መታየት ጀምሮ ነበር፤ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረ ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ ቀዶ ሐኪም በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር የሚያርሱ ገበሬዎች እግር የሚያብጥበትን፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለውን በሽታ ተከታተለ። በገበያ ቀን እየወጣ እግራቸው ያበጠ ሰዎችን በመቁጠር በሽታው ከፍ ባሉ፣ ዝናብ በሚበዛባቸውና አፈራቸው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቦታዎች እንደሚበረታ አሳየ፤ በትንኞች ከሚተላለፈው ሌላው የዝሆኔ ዓይነት ለመለየትም ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ ሰየመው። የአዊ ዞን ደጋ ከዚህ መግለጫ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ከእንጅባራ ከተማ ብዙም የማይርቀው የዘንገና ሐይቅ ራሱ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ውኃ ሲሆን፣ በዙሪያው ገብስና ድንች የሚያበቅለው አፈርም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ፕራይስ ከአፈሩ ባሻገር ሌላ ነገርም አስተዋለ፤ በአንድ መንደር አንድ ዓይነት መሬት ከሚረግጡ ሰዎች መካከል በሽታው የሚይዘው አንዳንድ ቤተሰቦችን ለይቶ ነበር። ይህ አስተውሎት ወደ ጂን ምርመራ እስኪያመራ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ፈጅቷል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ሃይሜ ጉዌቫራ አጊሬ የተባለ ኢኳዶራዊ ሐኪም በደቡብ ኢኳዶር በሎሃና በኤል ኦሮ ክፍላተ ሀገር ተበታትነው በሚገኙ የተራራ መንደሮች ቁመታቸው እጅግ ያጠረ ሰዎች መኖራቸውን ሰምቶ ወደዚያ ተጓዘ፤ በበቅሎ መንገድ የሚደረስባቸውን ቤቶች ሳይቀር እየዞረም ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ የላሮን ሲንድሮም ሰዎችን መዘገበ፣ ይህም በዓለም ከታወቁት ሁሉ ትልቁ ስብስብ ነው። ብዙዎቹ አዋቂዎች ከ1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡ ቢሆኑም ያርሳሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፤ በትምህርት ቤትም ከእኩዮቻቸው አላነሱም። ሁሉም ለማለት ይቻላል የሚጋሩት አንድ የጂን ለውጥ ሲሆን፣ ያው ለውጥ በአንድ እስራኤላዊ ታማሚ ላይም በመገኘቱ፣ ከ1492 በኋላ ከስፔን ተሰደው ሃይማኖታቸውን የለወጡ አይሁዳውያን ወደ አንዲስ ተራሮች ይዘውት እንደ መጡ ይታመናል። ሁለቱም ወላጆች የተሸከሙትን ለውጥ ልጁ በእጥፍ ሲወርስ ብቻ የሚታይ ሁኔታ እንዲህ የበዛው፣ መንደሮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት እርስ በርስ እየተጋቡ ስለ ኖሩ ነው።

የላሮን ሰዎች እየተመዘገቡ በነበሩበት ጊዜ፣ ዕርጅናን ለመግታት የሚፈልጉት ሁሉ ተቃራኒውን መንገድ ይዘው ነበር። የዕድገት ሆርሞን በ1985 ከሬሳ መውሰዱ ቀርቶ በባክቴሪያ ውስጥ መመረት ጀመረ፤ ከሬሳ የተወሰደው ክሮይትስፌልት ያኮብ የተባለውን ገዳይ የአንጎል በሽታ ማስተላለፉ ስለ ታወቀ ነው። ሆርሞኑ እንደ ልብ ሲገኝ፣ በ1990 ዳንኤል ሩድማን ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ 12 ወንዶች ለስድስት ወር ሰጥቶ ጡንቻቸው መጨመሩንና ስባቸው መቀነሱን ዘገበ። ጥናቱ ትንሽ፣ ዘመኑም አጭር ነበር፤ ሩድማን ራሱም ዕርጅና ተቀለበሰ አላለም። ሆኖም በአሜሪካ ወጣትነትን እንመልሳለን የሚሉ ክሊኒኮች ይህን ወረቀት እያሳዩ ሆርሞኑን ለዓመታት ሸጡበት። ይህን ተስፋ የሚቃወም ማስረጃ ግን በዚያው ጊዜ እየተሰበሰበ ነበር።

ማስረጃው የጀመረው ከአንዲት ሚሊ ሜትር ከምታህል ትል ነው። በ1988 ፍሪድማንና ጆንሰን አንዲት ጂን ስትለወጥ ትሏ ረጅም ዕድሜ እንደምትኖር ገለጹ፤ በ1993 በሳን ፍራንሲስኮ የሲንቲያ ኬንየን ቡድን ዳፍ 2 በተባለች ሌላ ጂን ላይ በተደረገ ለውጥ የትሏ ዕድሜ ከእጥፍ በላይ መርዘሙን አሳየ። አራት ዓመት ቆይቶ የጋሪ ራቭኩን ቡድን ዳፍ 2 በሰው ውስጥ ኢንሱሊንንና አይጂኤፍ 1ን ከሚቀበሉት ሪሴፕተሮች ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳላት አረጋገጠ። በመካከሉ፣ በ1996፣ ሆሊ ብራውን ቦርግና አንድሬ ባርትኬ ፒቱታሪ ዕጢያቸው የዕድገት ሆርሞን የማያመነጭ ትናንሽ አይጦች ከተራ አይጦች ከግማሽ በላይ አስበልጠው እንደሚኖሩ ዘገቡ፤ በ1997 ደግሞ በኦሃዮ ጆን ኮፕቺክ የላሮን ሲንድሮምን በአይጥ ላይ ፈጠረ፣ እነዚህም አይጦች ትንሽና ረጅም ዕድሜ ያላቸው ሆኑ። በ2003 የዕድሜ ምርምርን ለማበረታታት በማቱሳላ ስም የተቋቋመው ሽልማት የተሰጠው ለባርትኬ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ አሸናፊዋ አይጥ 1,819 ቀን፣ ማለትም ለአምስት ዓመት አንድ ሳምንት የጎደለው ዕድሜ ኖራለች፤ ተራ የቤተ ሙከራ አይጥ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው የምትኖረው።

በዚሁ ዓመት የፕሮጄሪያ ምክንያት ታወቀ። በአሜሪካና በፈረንሳይ የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ላሚን ኤ የተባለውን፣ የሕዋስን እምብርት ቅርጽ የሚይዝ ፕሮቲን የሚያዘው ጂን ላይ አንድ ፊደል ብቻ መለወጡን አገኙ፤ ከዚህ ለውጥ የሚወጣው ፕሮጄሪን የተባለ የተበላሸ ፕሮቲን የእምብርቱን ግድግዳ እያጣመመ ሕዋሱን ያስረጀዋል። ግኝቱ የተገፋው በአንድ ቤተሰብ ልፋት ነው፤ ሐኪሞቹ ሌስሊ ጎርደንና ስኮት በርንስ ልጃቸው ሳም በዚህ ሕመም መያዙን ካወቁ በኋላ በ1999 የምርምር ማኅበር መሠረቱ። በመጀመሪያ ለካንሰር የታሰበው ሎናፋርኒብ የተባለ መድኃኒት ፕሮጄሪን በግድግዳው ላይ እንዳይጣበቅ ስለሚከለክል በልጆቹ ላይ ተሞከረ፤ በኅዳር 2020ም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አጸደቀው። ሳም በርንስ በ2014 በ17 ዓመቱ አርፏል። መድኃኒቱ ሕመሙን አያድንም፣ ግን በረጅም ክትትል ዕድሜን በአማካይ በሁለት ዓመት ተኩል አርዝሟል፤ 14 ዓመት ብቻ ለሚጠብቅ ልጅ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ሌላው የሚነገርለት ሁኔታ በ1993 በሜሪላንድ የተወለደች የአንዲት ልጅ ነው፤ በ20 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ቁመቷም ክብደቷም ከሕፃን አልዘለለም። በ2009 ሪቻርድ ዎከርና ባልደረቦቹ ስለ እርሷ ሲጽፉ ጥርሶቿ የወተት ጥርስ ሆነው ሳለ አጥንቷ የ10 ዓመት ልጅ አጥንት እንደሚመስል ገልጸው፣ ዕድገትን የሚመራው ጂን ከተገኘ ዕርጅናንም ማቆም ይቻላል የሚል ተስፋ አሳደሩ። በ2013 ስቲቭ ሆርቫት ኤፒጄኔቲክ ሰዓት የሚባለውን መለኪያ አወጣ፤ በዲኤንኤ ላይ የሚጣበቁ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶች ከዕድሜ ጋር በሥርዓት ስለሚለዋወጡ፣ እነርሱን በመቁጠር የሕዋስ ዕድሜ ይገመታል። ዎከርና ሆርቫት በ2015 እንደ እርሷ ያሉ ልጆችን ደም በዚህ ሰዓት ሲለኩት የደማቸው ዕድሜ ከልደታቸው ዘመን ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። ያላደገ አካል ያላረጀ አካል አይደለም፤ የአንድ ተመራማሪ የዓመታት ተስፋ በገዛ ጥናቱ ሲፈርስ ውጤቱን ሳይደብቅ ማተሙ ክብር የሚገባው ነው።

በሎሃ ግን ክትትሉ ፍሬ አፈራ። በ2011 ጉዌቫራና በካሊፎርኒያ የሚሠራው ቫልተር ሎንጎ 99 የላሮን ሲንድሮም ሰዎችን ለ22 ዓመት ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ፤ ከእነዚህ ሰዎች አንድም በስኳር በሽታ አልተያዘም፣ በካንሰር የተያዘውም አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ሕመሙም ለሞት አላበቃም፤ በዚያው አካባቢ በሚኖሩት ረጃጅም ዘመዶቻቸው ግን 5 በመቶው የስኳር ሕመም ነበረባቸው፣ በካንሰር የተያዙትም 17 በመቶ ነበሩ። ውፍረት በበዛበት ሰውነት ላይ ስኳር አለመታየቱ በተለይ አስገራሚ ነበር። እንዲህም ሆኖ ዕድሜያቸው ከዘመዶቻቸው አልበለጠም፤ በአደጋ፣ በመጠጥና በሚጥል በሽታ የሚሞቱት ብዙ ነበሩና። አይጂኤፍ 1 በሰው ሠራሽ መንገድ ተመርቶ በ2005 በአሜሪካ ቢጸድቅም፣ በሎሃ ያገኙት በሙከራ ጥናት የተካተቱ ጥቂት ልጆች ናቸው፤ የጉርምስና ጊዜ ካለፈ በኋላ ደግሞ መድኃኒቱ ቁመት አይጨምርም። ደማቸውን ለዓለም የሰጡ መንደሮች በምላሹ ያገኙት ከሰጡት ጋር አይመጣጠንም።

የኢትዮጵያ ደጋ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በ2007 ጌይል ዴቪና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ በፖዶኮኒዮሲስ ተጋላጭነት ከሚታየው ልዩነት 63 በመቶው በዘር ውርስ የሚገለጽ መሆኑን አሰሉ፤ በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ከወላይታ አሰባስበው፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱንና የባዕዱን ከሚለይባቸው ኤችኤልኤ ከሚባሉ ጂኖች መካከል አንዳንዶቹ ተጋላጭነቱን እንደሚጨምሩ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተሙ። በሽታው የጂንና የአፈር ጥምር ውጤት በመሆኑ ጂን የተሸከመ ሰው ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ይድናል። በአገሪቱ የሕሙማኑ ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ሲገመት፣ ከ2018 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲዲቲ አፍሪካና አጋሮቹ በአዊ ዞን ጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ የእግር እብጠትን፣ የሥጋ ደዌንና የአእምሮ ጭንቀትን እንክብካቤ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ውስጥ አንድ ላይ የሚሰጥ አሠራር ፈተሹ። እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግና ታማሚውን ከመገለል ማውጣት ከጂን ግኝቱ በላይ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ሎሃ ያላገኘችው ግን ይህንኑ፣ ጥናቱ በተካሄደበት ምድር ላይ የሚቆም አገልግሎት ነው።

ፋሲል ተኮላ አየለ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሥር በሚገኘው የሕፃናት ጤና ተቋም ውስጥ ወደ ዕድገትና ዕርጅና መገናኛ ተሻገረ። በ2019 ቡድኑ የእንግዴ ልጅን ኤፒጄኔቲክ ሰዓት መርምሮ፣ እንግዴ ልጁ ከእርግዝናው ጊዜ ቀድሞ ሲያረጅ የጽንሱ ዕድገት እንደሚለወጥ፣ ለውጡም በወንድና በሴት ጽንስ እንደሚለያይ አሳየ። ዕድገትና ዕርጅና ከልደት በፊት አብረው መጀመራቸው እንዲህ በቁጥር ታየ።

በልጅነት የሚደርስ ረሃብ ግን እንደ ላሮን ጂን ከበሽታ አይከላከልም። ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር በ2014 እንዳሳዩት፣ የ1984ቱ ረሃብ በከፋበት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ የኢትዮጵያ ሕፃናት ሲያድጉ ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል፤ በትምህርትም ወደ ኋላ ቀርተዋል። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ መንግሥት መቀንጨርን በ2030 ለማስቀረት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የሎሃን ሰዎች ጤና ጠቅሶ ዝቅተኛ አይጂኤፍ 1 ዕድሜ ያረዝማል ብሎ መደምደም እንግዲህ በጂን የሆነውን በረሃብ ከሆነው ጋር ማደባለቅ ነው፤ የመጀመሪያው ከጽንስ ጀምሮ ሰውነቱን በሙሉ አንድ ወጥ አድርጎ ይቀርጻል፣ ሁለተኛው ግን በግንባታ መካከል ደርሶ አንጎልንም አካልንም ይጎዳል።

በ2024 ጉዌቫራና ሎንጎ ባሳተሙት ሌላ ጥናት የላሮን ሲንድሮም ሰዎች የደም ግፊትና የስኳር መጠን ከዘመዶቻቸው ዝቅ ብሎ፣ የአንገታቸው የደም ሥርም ከስብ ክምችት ይበልጥ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከእነርሱ የተወሰደውን ትምህርት ወደ መድኃኒት ለመለወጥ፣ የአይጂኤፍ 1ን መልእክት በአዋቂነት በከፊል የሚቀንሱ አመጋገቦችና ንጥረ ነገሮች እየተሞከሩ ነው። እንዲህ ያለ ጂን ይዞ የሚወለድ ልጅ በአገው ምድር ቢኖር መጀመሪያ የምታገኘው የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ በጤና ኬላ ግን በአብዛኛው የሚለካው ክብደትና የክንድ ዙሪያ ስለሆነ፣ መለኪያው የዚህን ልጅ ችግር ከምግብ እጥረት አይለይም፣ ቁመቱ ቢለካም ከቀነጨሩት ብዙዎች መካከል እንደ አንዱ ይቆጠራል። የሚለየው ከምግብ በኋላም ቁመቱ አለመጨመሩን በተከታታይ በሚመዘግብ ሰንጠረዥና የአይጂኤፍ 1ን መጠን በሚያሳይ የደም ምርመራ ነው፤ ሰንጠረዡ ዛሬውኑ በእንጅባራና በዳንግላ ጤና ተቋማት ሊጀመር የሚችል ሥራ ሲሆን፣ ሰው ሠራሹ አይጂኤፍ 1 የሚሠራው ጉርምስና ሳያልፍ በመሆኑ መዘግየቱ በሳንቲ ሜትር የሚቆጠር ጉዳት ነው።